ፋይል በኢሜይል ሲላክ ቁልፉ ለማን ይሰጣል?



በመሥሪያ ቤት ኑሮ ውስጥ ግልባጭ የሚለውን ቃል የማያውቅ ሠራተኛ አይገኝም። ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ከፊርማውና ከማኅተሙ በታች የሚሰፈረው የግልባጭ ዝርዝር፣ ወረቀቱ ለማን ለማን እንደሚደርስ ቁርጥ አድርጎ የሚናገር ነው። ሦስት ግልባጭ ከተባለ ሦስት ነው፤ አራተኛው ሰው ሊያየው ቢፈልግ መዝገብ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይኖርበታል። ጉዳዩ ምስጢር የሆነ እንደ ሆነም በፖስታ ታሽጎ፣ ተቀባዩ በመዝገብ ላይ ፈርሞ ይረከበዋል። ዛሬ ልናስረዳ የተነሣንበት ነገር፣ ፋይልን በኢሜይል መላክ በተለመደ ጊዜ ይህ ጥንቃቄ ምን እንደ ደረሰበት ነው።

ቀድሞ ፋይል በኢሜይል ሲላክ ራሱ ፋይሉ ከመልእክቱ ጋር ተያይዞ ይሄድ ነበር። ይህ አሠራር ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን ፋይሉ ትልቅ ሲሆን (በጂሜይል ዘንድ ወሰኑ 25 ሜጋባይት ነው)፣ ወይም ብዙ ሰዎች በአንድነት ሊሠሩበት ሲፈለግ፣ ፋይሉ እንደ ጉግል ድራይቭና እንደ ማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ ባለ ቦታ ይቀመጥና በኢሜይሉ የሚላከው ሊንኩ ብቻ ይሆናል። ይህን ማስቀመጫ ክላውድ ይሉታል፤ ደመና ማለት ነው። ስሙ የሰማይ ነገር ያስመስለዋል እንጂ፣ ነገሩ በሩቅ አገር ሕንፃ ውስጥ የተደረደረ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። እንግዲህ የተላከው ወረቀቱ ሳይሆን ወረቀቱ የተቀመጠበት ክፍል አድራሻ ነው ማለት ነው። አድራሻውን የያዘ ሁሉ ዝም ብሎ ይገባ እንደ ሆነ፣ ወይም በር ላይ ማንነቱ ይጠየቅ እንደ ሆነ የሚወስነው፣ ላኪው ለፋይሉ የሰጠው ፈቃድ ነው።

በጉግል ድራይቭ አዲስ የተፈጠረ ፋይል እንደ ተፈጠረ ለባለቤቱ ብቻ የተከፈተ ነው። ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሲያጋራው ከሦስት ሥልጣኖች አንዱን ይሰጠዋል፤ ማንበብ ብቻ፣ አስተያየት መጻፍ፣ ወይም ማረም። ማረም የተፈቀደለት ሰው፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ካልከለከለው በቀር፣ ፋይሉን ለሌሎችም ማጋራት ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ብዙ ሰው አያስተውላትም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በሳንሱሲ ሠፈር ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሠራተኛ በሐሳባችን እናቁም። (ሳንሱሲ የሚለው ስም በድምፁ፣ «ያለ ሐሳብ» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ሐረግ ጋር አንድ ነው፤ የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክም በ18ኛው መቶ ዓመት በፖትስዳም ያሠራውን ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ጠርቶታል። የያዝነው ጉዳይ ግን ያለ ሐሳብ የሚሠራ አይደለም።) ይህ ሠራተኛ፣ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረውን የከተማ ሴፍቲኔት የመሰለ የድጋፍ ሥራ አስፈጻሚ ነው እንበል። የችግረኞችን ስም፣ የቤተ ሰባቸውን ብዛት፣ የስልክ ቁጥራቸውን፣ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸውንም ሰዎች በአንድ ሠንጠረዥ ጽፎአል። አሁን ለ12 የኮሚቴ አባላት ሊልከው ነው። የኮሚቴው የጋራ አድራሻ አንድ ስለ ሆነ፣ ያንን አንድ አድራሻ ጽፎ «ላክ» የሚለውን ይጫናል።

በዚህ ጊዜ ጂሜይል ያስቆመዋል። ተቀባዮቹ ፋይሉን ለመክፈት ፈቃድ እንደሌላቸው ይነግረውና ምርጫ ያቀርብለታል። ለተጻፈው አድራሻ ብቻ ፈቃድ መስጠት ይችላል፤ ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ እንዲከፍተው ማድረግ ይችላል፤ ፈቃድ ሳይሰጥም መላክ ይችላል። የጋራ አድራሻው በጉግል ግሩፕ የተቋቋመ ከሆነ የመጀመሪያው ምርጫ ጥሩ ነው፤ ፈቃዱ ለቡድኑ ይሰጥና አባል የሆነው ሁሉ በስሙ ገብቶ ያነባል። አዲስ አባል ሲገባ ፈቃዱ አብሮት ይመጣል፤ ከኮሚቴው የወጣም ሰው አብሮ ይነሣበታል። አድራሻው በሌላ መንገድ የተቋቋመ ከሆነ ግን ጉግል ከአድራሻው ጀርባ እነማን እንዳሉ አያውቅም። አሥራ ሁለት ሰዎች መሆናቸው የሚታወቀው በእኛ ዘንድ ብቻ ነው፤ ለማሽኑ አንድ የማይታወቅ ስም ነው።

እንግዲህ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ 11 ሰዓት አልፎአል፤ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፤ የታክሲው ሰልፍ እየረዘመ ነው። ጥብቁን መንገድ የመረጠ እንደ ሆነ በማግሥቱ «ፋይሉን መክፈት አልቻልሁም፣ ፈቃድ ስጠኝ» የሚል መልእክት ከየአባላቱ እየተከታተለ ይመጣበታል፤ አለቃውም ስብሰባ ላይ ሆኖ ሳይከፈትለት ሲቀር ቁጣው ቀላል አይሆንም። ሁለተኛውን ምርጫ አንድ ጊዜ ቢጫን ግን ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀርለታል። በእኔ አስተያየት ይህን ሠራተኛ ግድ የለሽ ብሎ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። ክፍቱ በር ከተዘጋው ይልቅ እንዲቀል ተደርጎ ሲሠራ፣ የደከመ ሰው በክፍቱ ማለፉ የማይቀር ነው።

ሆኖም ጉዳቱ ያው ጉዳት ነው። ሊንኩ ያለው ሁሉ ይከፍተዋል ማለት፣ ከአባላቱ አንዱ «ይህን እይልኝ» ብሎ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ቢያስተላልፈው፣ በዚያ ያሉት ሁሉ ስማቸው ሳይጠየቅ ይገባሉ ማለት ነው። በወረቀቱ ጊዜ ግልባጭ ለማውጣት ካርቦን ወይም የማባዣ መኪና ያስፈልግ ነበር፤ ሊንክ ግን ያለ ድካም ይባዛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በኋላ ፈቃዱን መዝጋት ቢቻልም አስቀድሞ አውርዶ የያዘውን ሰው ሠንጠረዥ መመለስ አይቻልም። ያቺ በሽታዋን ለኮሚቴው ብቻ የተናገረች እናት፣ ጎረቤቶቿ በስልካቸው ሲያነቡት ትውላለች።

ነገሩ የእኛ አገር ድካም ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ምሳሌ እንጥቀስ። በሐምሌ ወር 2005 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የጃፓን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ሠራተኞች በጉግል ግሩፕ የተለዋወጡት የውስጥ መልእክት ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ መቆየቱ በጋዜጣ ወጣ። ከመልእክቶቹ መካከል ስለ ሜርኩሪ ቁጥጥር፣ ኋላ የሚናማታ ስምምነት ስለ ተባለው ውል የተደረገውን ድርድር የሚመለከት ይገኝበታል። ቁልፉን የሰበረ ሌባ አልነበረም። ግሩፑ ሲቋቋም አስቀድሞ ተመርጦ የቆየው ምርጫ «ሁሉም ያንብብ» የሚል ስለ ነበር፣ ያንን የለወጠ ሰው አልተገኘም። ከዚህ እንደምንረዳው የሚመረመረው በር ሁለት ነው፤ አንዱ የፋይሉ፣ ሁለተኛው የግሩፑ። ፋይሉ ለግሩፑ ብቻ ቢፈቀድም ግሩፑ ያለ ማንም ፈቃድ የሚገቡበት ከሆነ ጥበቃው ከንቱ ነው።

በአገራችን ሕግም ነገሩ ቦታ አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና የመልእክት ልውውጥ ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሌላውን ሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ በጥንቃቄ እንዲይዝ ያዝዛል፤ ስለ ጤና የሚናገር መረጃ ከሌላው ይልቅ ጥብቅ ጥበቃ ይደረግለታል። የአዋጁ አፈጻጸም ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። ከሁሉ የሚሻለው ኢሜይሉ ከመጻፉ በፊት ፋይሉን ከፍቶ ማጋሪያውን ማስተካከል ነው። የግሩፑን አድራሻ ወይም የአሥራ ሁለቱን ስም አንድ በአንድ አስገቡ፤ ሥልጣኑን ማንበብ ብቻ አድርጉት፤ ማረም የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ሰው ካለ ለእነርሱ ለብቻ ስጡ። አሥራ ሁለት ስም መጻፍ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ይህም የድሮው የግልባጭ ዝርዝር መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ በኋላ ኢሜይሉ ሲላክ ጂሜይል የሚጠይቀው ነገር አይኖርም፤ ቢጠይቅም አንድ ስም እንደ ተረሳ ያስታውቃችኋል። በዋንድራይቭ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሊንኩን የመጀመሪያ ምርጫ የሚወስነው የሲስተም አስተዳዳሪያቸው ስለ ሆነ፣ ምን እንዳደረገው እርሱን መጠየቅ ይገባል። አንዱ መሥሪያ ቤት የለመደውን በሌላው አገኛለሁ ማለት አይቻልም።

ፎልደርንም አትርሱ። በተጋራ ፎልደር ውስጥ የገባ ፋይል የፎልደሩን ፈቃድ ይወርሳል። ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ተብሎ ለሁሉ በተከፈተ ፎልደር ውስጥ የዘንድሮውን የደመወዝ ሠንጠረዥ ያስቀመጠ ሰው፣ ማንንም ሳይጋብዝ ሁሉን ጋብዞአል።

በሩ በእርግጥ መዘጋቱን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ሊንኩን ቅዱና በብራውዘሩ የግል መስኮት፣ ማለትም በስማችሁ ባልገባችሁበት መስኮት፣ ክፈቱት። ግባ ብሎ ስምና የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ተዘግቶአል። ሠንጠረዡ ወዲያው ፊታችሁ ከተዘረጋ ግን ለማንም የተዘረጋ ነውና፣ ኢሜይሉን ሳትልኩ ወደ ማጋሪያው ተመለሱ።