ስለ መንግሥታት ባጀት ትርፍና ጉድለት፤ ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቿ ጋራ ስትመዛዘን

የአንድ መንግሥት የዓመት ገቢ ከወጪው ሲበልጥ ባጀቱ ትርፍ አለው ይባላል፤ ወጪው ሲበልጥ ጉድለት አለበት ይባላል። ይህ ነገር በመካነ ሰላም፣ በወግዲና በሳይንት ደጋ ላለ ገበሬ እንግዳ አይደለም። የበልግ ዝናም የቀረበት ሰው እስከ መኸር ድረስ ከጎተራው ያወጣል፤ ጎተራው ባዶ እንደ ሆነም ይበደራል። ነገር ግን ለዘር የተበደረና ለድግስ የተበደረ በመከር ጊዜ እኩል አይገኙም። የመንግሥትም ጉድለት የሚመረመረው በዚሁ ዓይነት ነው።

የአገሮችን ባጀት ለማመዛዘን ሦስት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። መጀመሪያ፣ ጉድለቱ በብር ወይም በሽልንግ ብዛት ሳይሆን ከአገሩ ጠቅላላ ሀብት ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ ይታይ። ለምሳሌ የምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበር አገሮች በ2006 ዓ.ም. በተፈራረሙት የገንዘብ አንድነት ውል ጉድለታቸው ከመቶ 3 እጅ እንዳያልፍ ወስነዋል። ሁለተኛ፣ ከውጭ የተገኘው እርዳታ በገቢው ውስጥ መቈጠሩ ወይም አለመቈጠሩ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የባጀቱ ዓመት መቼ እንደሚጀምር ይታወቅ፤ የኢትዮጵያ ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር፣ የጅቡቲና የሶማሊያ ከፈረንጆች ጥር ጋራ ይጀምራልና።

ከጎረቤቶቻችን ደቡብ ሱዳን የመንግሥቷን ገቢ አብዛኛውን ከነዳጅ ዘይት ታገኛለች። በጥር 2004 ዓ.ም. ከሱዳን ጋራ ስለ ማስተላለፊያ ዋጋ ተጣልታ የዘይቱን ሥራ ባቆመች ጊዜ፣ ገቢዋ ባንድ ጊዜ ተቋረጠ። እንግዲህ ካንድ ምንጭ ብቻ የሚመጣ ትርፍ የማያስተማምን መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ኬንያ ግብርን በማብዛት ጉድለቷን ልታጠብ ብታስብ፣ ሕዝቡ በሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በብርቱ ስለ ተቃወመ ሕጉ በማግሥቱ ተነሣ። ሶማሊያም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 4.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ተሠረዘላት። ኤርትራ ባጀቷን ለሕዝብ ስለማታወጣ ከዚህ ሚዛን አልገባችም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ2016 ዓ.ም. የፌዴራል ባጀት 801.65 ቢሊዮን ብር ሲሆን ጉድለቱ 281 ቢሊዮን ያህል ነበር፤ ይኸውም ከመቶው ወጪ 35 እጅ በብድር የሚሞላ ማለት ነው። ከዚህም የሚበዛው ካገር ውስጥ እንዲበደሩት የታሰበ ነበር። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር በገበያ የሚዞረው ገንዘብ ከእህሉና ከዕቃው ይልቅ ይበዛና ዋጋ ይወደዳል። ከውጭ ሲበደር ደግሞ ዕዳው በዶላር ይጠየቃል። በ2007 ዓ.ም. ከውጭ ገበያ ከተወሰደው 1 ቢሊዮን ዶላር ላይ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሊከፈል የሚገባው 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ከዓባይ ማዶ ያለ ወሬ መስሎ እንዳይታይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ስለሚገባ፣ የመንግሥቱ ሒሳብ መጕደል በቦረና ማሳ ላይ ይቈጠራል። የወረዳውም ባጀት ከፌዴራል ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ በሚወርድ ድጎማ የሚቆም ስለ ሆነ፣ ላይ የተጨነቀው ታች መጥበቡ አይቀርም።

ስለዚህ ሹማምንት ሆይ፣ የመሬት መጠቀሚያውንና የእርሻውን ግብር ገበሬው ምርቱን በሸጠበት ወራት በደረሰኝ ሰብስቡ፤ በረሃብ ወራት የሚጠየቅ ግብር ሰውን በሬውን ያሸጠዋልና። የምርቱን ልክ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ጻፉ። መሬት የያዛችሁም ማዳበሪያችሁን ቀድማችሁ አስመዝግቡ። ሰኔ 30 ቀን ሲደርስ ያልተጠገነ መንገድና ያልተቈፈረ ጕድጓድ ገንዘብ በሣጥን ቢገኝ፣ ትርፍ ብላችሁ አትጻፉት። እርሱ በሚመጣው ክረምት ገበሬው የሚከፍለው ጉድለት ነው።