ተምችን ከተምች መለየት

ዝናብ በሚጀምርበት ሰሞን፣ ማታ ማታ በወሎ ሰፈር፣ ወደ ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት መንገድ መብራቶች ዙሪያ ግራጫና ቡናማ የእሳት እራቶች ይርመሰመሳሉ። ሰው በእጁ አባሮ ያልፋቸዋል። ከመካከላቸው የተምች እናት ትኑር አትኑር ልወቅ ብሎ የሚቆም ቢገኝ ግን ሥራው ቀላል አይሆንለትም።

ክንፍ ያወጣ የአፍሪካ ተምች ዐይን የሚስብ ነገር የለውም። ክንፉ ተዘርግቶ ሲለካ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፊት ክንፉ ደብዛዛ ግራጫ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ላይ ኩላሊት መሳይ ምልክት ይታይበታል፤ የኋላ ክንፉ ነጣ ያለ ሲሆን ጠቆር ያሉ ሥሮች ያልፉበታል። ቅርብ ዘመዶቹም ይህንኑ ስለሚመስሉ፣ የቅርፊቱ ብናኝ ከክንፉ ላይ ከረገፈ ባለሙያም ቢሆን የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ ሳያይ አይፈርድም።

ትሉ ይሻላል። እሱም ቢሆን ሁለት መልክ አለው። ቁጥሩ አነስተኛ ሆኖ ተበታትኖ ሲያድግ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው፤ ቀን ከሣሩ ግርጌ ተሸሽጎ ስለሚውል ልብ የሚለው የለም። ሲበዛና ሲጨናነቅ ጀርባው እንደ ከፋይ ይጠቁራል፣ በጎንና ጎኑ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ፣ መደበቁንም ይተውና በጠራራ ፀሐይ ከማሳ ማሳ ይተማል። ገበሬው ተምች ብሎ የሚጮኸው ይህን ጥቁሩን ሲያይ ነው። ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል፤ ትሉ በዕድሜው ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው ወደ አፈር ከመግባቱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ነውና። እውነተኛው የመለየት ችሎታ የሚፈተነው አረንጓዴው ትል ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ምርጫው የሣር ዘር ነው፦ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ የግጦሽ ሣር። አጠገቡ ያለውን ባቄላ ትቶት ያልፋል፤ ይህም ራሱ አንድ መለያ ነው።

የካቲት 2009 ዓ.ም. ነገሩ ተወሳሰበ። በሸካ ዞን የኪ ወረዳ በበቆሎ ላይ አዲስ ትል ተገኘ። የአሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው ሲሆን፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ መታየት ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ በመንጋ አይተምም፤ ከበቆሎው እምብርት ገብቶ ይቦረቡራል፣ እርስ በርሱም ይበላላል። የገባበት በቆሎ እምብርቱ ላይ የሰጋቱራ ብናኝ የመሰለ ኩሱ ይከማቻል።

ብዙ ሰው መጤውን ለመለየት ግንባሩ ላይ ያለውን፣ «ለ» ፊደልን የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት ይፈልጋል። ይህ ብቻውን አያስተማምንም፣ በአገሬውም ተምች ራስ ላይ ተቀራራቢ ምልክት አለና። ዐይን መውረድ ያለበት ወደ ጅራቱ ነው፦ ከመጨረሻው በፊት ባለው የሰውነት ክፍል ላይ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ከተቀመጡ መጤው ነው። ክንፍ ሲያወጣም ወንዱ በፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ሦስት ማዕዘን ስለሚኖረው ከአገሬው ይለያል። ሴቷ ግን እንደ አገሬዋ ደብዛዛ ናት።

የአፍሪካ ተምች መነሻው ብዙውን ጊዜ ታንዛኒያና ኬንያ ነው። የእሳት እራቶቹ ሌሊት በነፋስ እየተገፉ በበልግ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ይገባሉ፣ ትውልድ እየተኩም ወደ ሰሜን ይዘልቃሉ። ስለዚህ ክትትሉ ድንበር ተሻጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣና ከግሪሳ ወፍ ጋር ተምችንም ይከታተላል። አንዱ መሣሪያ የሴቷን ጠረን በሚመስል ማባበያ ወንዶቹን የሚያጠምድ ወጥመድ ነው፤ በየመንደሩ የሠለጠነ ገበሬ የገቡትን ይቆጥራል፣ የዘነበውንም ዝናብ ይለካል። ብዙ የእሳት እራት ተይዞ ዝናብ ከተከተለ ማሳው ውስጥ ትናንሾቹን አረንጓዴ ትሎች መፈለጊያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ቆጠራውም ቢሆን ያለ ዐይን አይሠራም። ለመጤው ተምች የተሠራው ማባበያ በአፍሪካ ማሳዎች ውስጥ ሌሎች የእሳት እራቶችንም ሲስብ ታይቷል፤ ወጥመዱን የሚከፍተው ሰው ሬሳዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ የክንፋቸውን ጫፍ ማየት አለበት።