አጭሩ ያሻግራል፣ ረጅሙ ይገጫል

ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ኳስ የሚያይ ሰው ይህቺን ክርክር ሳይሰማ አይወጣም። የማዕዘን ምት ይሰጣል። ረጃጅሞቹ ተከላካዮች እየሮጡ ወደ ፊት ይመጣሉ። ከኋላ ወንበር አንዱ «አለቀ፣ ገባ በሉት!» ይላል። እውነትም ከገባ «ኳስ የረጅም ናት» ተብሎ ይፈረድና ቤቱ ይስማማል። በሳምንቱ ደግሞ አንድ አጭር አማካይ ሦስት ሰው አታሎ ሲያልፍ ያው ሰውዬ ይነሳና «ቁመትማ የስልክ እንጨትም አለው!» ይላል። ቤቱ አሁንም ይስማማል።

ታዲያ እውነቱ የቱ ጋ ነው? ነገሩ የሻይ ቤት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍነው ነበር። አሰልጣኝ ቡድን ሲሰራ፣ ክለብ ለተጫዋች ገንዘብ ሲያወጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሰፈር ፕሮጀክት አንድ የ13 ዓመት ልጅ «አንተ ቆይ፣ ስታድግ ትመጣለህ» ተብሎ ሲመለስ የሚወሰነው በዚህችው ጥያቄ ነው።

እኔም ከተመለሱት አንዱ ነኝ። አሰልጣኛችን በቁመት ተራ አሰለፈንና ከጫፍ ያለነውን ስድስት ልጆች ኳስ ሳንነካ ወደ ቤት ሸኘን። እውነቱን ለመናገር ችሎታዬም ቢለካ መመለሴ አይቀርም ነበር። ግን ከስድስታችን አንዱ እግሩ ላይ ኳስ የሚያስተኛ ልጅ ነበር። እሱም ያን ቀን ከእኔ እኩል ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላም ኳስ አልተመኘም።

መድፈኞቹ የሄዱበት መንገድ

ለዚህ ክርክር ከአርሰናል የተሻለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ በ2003/04 የውድድር ዘመን 26 ጨዋታ አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳው ቡድን ሲነሳ ሁላችንም የምናወራው ስለ ኳስ ቅብብሉ ነው። እስቲ ሰዎቹን በሐሳባችሁ አሰልፏቸው። መሃል ሜዳ ላይ 1 ሜትር ከ92 የሆነው ፓትሪክ ቪየራ አለ። አጠገቡ ሌላው ረጅም ጂልቤርቶ ሲልቫ ቆሟል። ከኋላ ሶል ካምቤል፣ ከፊት ቲዬሪ ሄንሪና ዴኒስ ቤርካምፕ አሉ፤ ሦስቱም ረጃጅሞች ናቸው። ያ ቡድን ኳስ እንጫወት ላለው ኳስ ነበረው፣ በጉልበት ለመጣበትም ጉልበት ነበረው።

በ2005 ቪየራ ወደ ጁቬንቱስ ሄደ። በ2006 ፓሪስ ላይ በተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ ባርሴሎና 2 ለ 1 ሲያሸንፋቸው፣ የመድፈኞቹን ብቸኛ ግብ ሄንሪ ካሻማው ቅጣት ምት በግንባሩ ያስቆጠረው ካምቤል ነበር። በዚያው ክረምት እሱም ለቀቀ። አርሴን ቬንገር ከዚያ በኋላ ቡድኑን በፋብሪጋስ፣ በሮዚስኪና በህሌብ፣ ቆይቶም በናስሪና በአርሻቪን ዙሪያ ሰራው። ኳሷ ከእግር እግር ስትሄድ ማየት ያጠግብ ነበር። ዋንጫው ግን ጠፋ።

ስቶክ ሲቲን የሚረሳ የአርሰናል ደጋፊ አለ? በ2008 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው የቶኒ ፑሊስ ቡድን ሮሪ ደላፕ የሚባል ተጫዋች ነበረው። ሰውዬው በልጅነቱ ጦር ወርዋሪ ነበር። የእጅ ውርወራ ሲያገኝ ኳሷን በፎጣ ያደርቃትና እንደ ማዕዘን ምት ግቡ አፍ ላይ ያሳርፋታል። እዚያ ደግሞ ግንብ የሚያካክሉ ሰዎች ይጠብቋታል። ኖቬምበር 1 ቀን 2008 አርሰናል ወደ ስቶክ ሄዶ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሁለቱም ግቦች የመጡት ከደላፕ ውርወራ ነው። ስቶክም በሊጉ አስር የውድድር ዘመን ቆየ።

እርግጥ አርሰናል ዋንጫ ያጣው በቁመት ብቻ አይደለም። አዲስ ስታዲየም ሰርቶ ዕዳ የሚከፍል ክለብ ነበር። ሆኖም ድርቁ የተሰበረው እንዴት እንደሆነ ልብ በሉ። በ2014 የኤፍኤ ካፕ ፍፃሜ ሃል ሲቲ በ8 ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መራ። ከዚያ 1 ሜትር ከ70 የማይሞላው ሳንቲ ካዞርላ በቅጣት ምት አንዱን መለሰ፤ ኮሸልኒ ከማዕዘን ምት በተነሳ ኳስ አቻ አደረገ፤ ራምሴ በጭማሪ ሰዓት ጨረሰው። በዚያ ቡድን ውስጥ ከካዞርላ ጀርባ 1 ሜትር ከ98 የሆነው ፔር ሜርተሳከር ቆሞ ነበር። አጭሩም ረጅሙም በየቦታው ሲቆም ዘጠኝ ዓመት የጠፋው ዋንጫ መጣ።

ሚኬል አርቴታ ይህን ወደ ትምህርት ለወጠው። በ2021 የቆመ ኳስ አሰልጣኙን ኒኮላ ዦቨርን ከማንቸስተር ሲቲ አመጣ። እንደ ገብርኤል፣ ሳሊባና ሃቨርትዝ ያሉ ሎጋዎችም ተሰባሰቡ። በ2023/24 አርሰናል በሊጉ ከማዕዘን ምት ብቻ 16 ግብ አስቆጠረ። ማዕዘኑን የሚመታው ግን ረጅሙ አልነበረም። ሳካ ይመታል፣ ዋይት በረኛውን ያስጨንቃል፣ ገብርኤል ይገጫል። ሥራው ተከፋፍሏል።

አጭሩ ባርሴሎና አጭር ነበር?

«ባርሳስ? ድንክዬዎቹ ዓለምን አልገዙም?» የሚል ይኖራል። ገዝተዋል። በ2009 ሮም ላይ ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለተኛዋን ግብ 1 ሜትር ከ70 የሆነው ሊዮኔል ሜሲ በግንባሩ ነው ያስቆጠራት። ግቡ ላይ የቆመው ኤድዊን ቫን ደር ሳር 1 ሜትር ከ97 ነበር። ዣቪ በትክክል አሻማ፣ ሜሲ በትክክለኛው ሰዓት ክፍተቱ ውስጥ ተገኘ። ጭንቅላት ኳስ ማለት ረጅም መሆን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ መድረስም ጭምር ነው።

ግን ያን ዕለት የተሰለፈውን ባርሴሎና እንደገና ቁጠሩት። መሃል ተከላካዮቹ 1 ሜትር ከ94 የሆነው ፒኬና ግዙፉ ያያ ቱሬ ነበሩ። ከፊታቸው ረጅሙ ቡስኬትስ ቆሟል። ሜሲ፣ ዣቪና ኢኒየስታ እንደ ልባቸው የተጫወቱት ከጀርባቸው ሦስት ምሰሶ ስለነበረ ነው። ፔፕ ጓርዲዮላ አጭር ቡድን አልሰራም። አጭር ሰው የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ አጭር አደረገ እንጂ።

ነገሩ የተገላቢጦሽም ይሠራል። በዚያው ክረምት 1 ሜትር ከ95 የሆነው ዝላታን ኢብራሂሞቪች በሳሙኤል ኤቶና በብዙ ገንዘብ ተለውጦ መጣ። ትልቅ ተጫዋች ነበር፤ ግብም አገባ። ሜሲ ወደ መሃል ሲገባ ግን የሁለቱ ቦታ ተጋጨ። ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ዝላታን ሚላን ነበር። ቁመት ስላለህ ብቻ ቡድን ውስጥ ቦታ አለህ ማለት አይደለም።

ሩሲያ ላይ የታየው

የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ያገኘሁት ከፈረንሳይ ነው። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ፈረንሳይ የቆመ ኳስ ባገኘች ቁጥር ኳሷ አጠገብ የሚሄደው አንትዋን ግሪዝማን ነበር። ይህ ልጅ በልጅነቱ ቁመቱ አንሷል ተብሎ በፈረንሳይ ክለቦች የተመለሰ፣ ስፔን ሄዶ በሪያል ሶሲዬዳድ ያደገ ነው። በሩብ ፍፃሜው ኡራጓይ ላይ ግሪዝማን አሻማ፣ ረጅሙ ቫራን ገጨ። በግማሽ ፍፃሜው ቤልጅየም ላይ ግሪዝማን ማዕዘን መታ፣ ኡምቲቲ 1 ሜትር ከ94 የሆነውን ፌላይኒን ቀድሞ ገጨና 1 ለ 0 ተጠናቀቀ። በፍፃሜውም የመጀመሪያዋ ግብ የመጣችው ግሪዝማን ካሻማው ቅጣት ምት ነው፤ ክሮኤሽያዊው ማንዙኪች በራሱ ግብ ላይ አስቆጠራት።

መሃል ላይ የነበረውስ ማነው? ንጎሎ ካንቴ፣ 1 ሜትር ከ68። እሱንም በልጅነቱ ማሰልጠኛዎች በቁመቱ ምክንያት አልተቀበሉትም። በአማተር ክለብና በዝቅተኛ ሊግ አልፎ በ2016 ከሌስተር፣ በ2017 ከቼልሲ ጋር ፕሪሚየር ሊግ በላ፤ በ2018 የዓለም ዋንጫ፣ በ2021 ቻምፒየንስ ሊግ። ሚጥሚጣ ማለት ይሄ ነው! ፈረንሳይ ግን 11 ካንቴ አላሰለፈችም። ከኋላው ቫራን፣ ከጎኑ ፖግባ ነበሩ።

ለመሃል ተከላካይም ቢሆን ሕጉ ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። ፋቢዮ ካናቫሮ በ1 ሜትር ከ76 ቁመት ጣሊያንን ለ2006 ዋንጫ መርቶ የዓመቱን ባሎንዶር ወስዷል። ሊሳንድሮ ማርቲኔዝ በኦገስት 2022 ማንቸስተር በብሬንትፎርድ 4 ለ 0 ሲቀጣ በእረፍት ተቀየረና «1 ሜትር ከ75 ለእንግሊዝ አይሆንም» ተባለ። በዲሴምበር ከአርጀንቲና ጋር የዓለም ቻምፒዮን ሆነ፤ በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ከቫራን ጎን ቆሞ ካራባዎ ካፕ አነሳ። ጎኑ ማን እንደቆመ አያችሁ?

የጥር ልጆች

ወደ ተመለሱት ልጆች እንምጣ። ይህን ጉድ ቀድመው ያዩት ካናዳውያን ናቸው፤ በእነሱ ኳስ ሳይሆን በበረዶ ላይ ሆኪ። ሆኪ ተጫዋች ከተጫዋች በኃይል የሚላተምበት ጨዋታ ስለሆነ መልማዮች ትልቅ ሰውነት ይወዳሉ። በ1980ዎቹ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ ተመራማሪ የምርጥ ተጫዋቾችን የልደት ቀን ሲያይ፣ በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱት ከልክ በላይ በዝተው አገኘ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የዕድሜ ቡድን የሚቆረጠው ጃንዋሪ 1 ላይ ነው። በጃንዋሪና በዲሴምበር የተወለዱ ልጆች በወረቀት እኩያ ናቸው፤ በእውነት ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት አላቸው። በ10 ዓመት ልጅ ላይ ይህ ብዙ ሴንቲ ሜትር ነው። አሰልጣኙ ትልቁን ይመርጣል፤ የተመረጠው ጥሩ ሥልጠና ያገኛል፤ ሥልጠና ያገኘው የእውነት ይበልጣል። ከዚያ አሰልጣኙ «አላልኳችሁም?» ይላል። በእግር ኳስም ያው ነገር ታይቷል። እንግሊዞች ከ2015 ወዲህ ታዳጊዎችን አንዳንዴ በልደት ሳይሆን በሰውነት ዕድገታቸው መድበው ማጫወት የሞከሩት ለዚህ ነው።

ሜሲ በ2000 ባርሴሎና ሲደርስ የዕድገት ሆርሞን ችግር ያለበት የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ክለቡ ሕክምናውን ከፈለለት። ያ ልጅ በቁመት ተራ ተሰልፎ ቢሆንስ ኖሮ?

ዋልያዎቹስ?

እኛ ጋ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር ካታንጋም ሆነ ሚስማር ተራ የሚሰማው «ቁመት አጠረን» የሚለው ነው። እስቲ እንየው። በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ የሰውነት ቢሻው ልጆች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጡ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ከአራቱ ግቦች ሦስቱ የገቡት በረኛቸው በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው ሲጫወቱ ነው። ናይጄሪያ 2 ለ 0 ስታሸንፈን ሁለቱንም ያገባው ቪክቶር ሞሰስ በፍፁም ቅጣት ምት ነው። እዚህ ውስጥ ቁመት የቱ ጋ አለ? ያ ሽንፈት የትኩረትና የአቅም ነበር። ቁመት ሰበብ ሆነች።

በጃንዋሪ 2022 ካሜሩን ላይ ግን ታሪኩ ይለያል። የውበቱ አባተ ቡድን ኬፕ ቨርዴን ሲገጥም ያሬድ ባዬ ገና በጊዜ በቀይ ወጣ፤ እረፍት ሊወጡ ሲሉ ጁሊዮ ታቫሬስ የተሻማለትን በግንባሩ ገጭቶ 1 ለ 0 ጨረሰው። ከካሜሩን ጋር ዳዋ ሆጤሳ በ4ኛው ደቂቃ ሲያስቆጥር አገሩ ሁሉ ዘለለ። አራት ደቂቃ ብቻ ቆይቶ ቶኮ ኤካምቢ በጭንቅላት አቻ አደረገ፤ መጨረሻው 4 ለ 1 ሆነ። እዚህ ላይ አየሩ የእነሱ ነበር። ይህን መካድ አይገባም።

ታዲያ መፍትሔው 11 ቀውላላ መፈለግ ነው? አይደለም። ዋልያዎቹ የሚታወቁት በመሬት ኳስ ነው፤ ያን ጥለን ከካሜሩን ጋር በትከሻ ብንጋጠም ማን እንደሚወድቅ የታወቀ ነው። ቁመት የሚያስፈልገው በረኛው፣ አንድ መሃል ተከላካይና ምናልባት አንድ አጥቂ ጋ ነው። እነዚህን ሦስት አራት ሰዎች ገና በታዳጊነታቸው ለይቶ ማሳደግ ይቻላል። የቀሩት ደግሞ ኳሷ ሳትሻማ ከመስመር ላይ ማፈን፣ የራሳችንን ማዕዘን ምትም እንደ ግሪዝማን አድርጎ መምታት መማር አለባቸው። ማዕዘን ለመምታት ቁመት አያስፈልግም።

ቡድን መስራት ቤት እንደመስራት ነው፤ ማገርም ያስፈልጋል፣ ምሰሶም ያስፈልጋል። ማገሩን «ለምን ምሰሶ አልሆንክም» ብሎ የሚጥል አናጺ ቤቱ አይቆምለትም። የሰፈር አሰልጣኞቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ልጆቹን በቁመት ተራ ማሰለፍ ካስፈለጋችሁ አሰልፏቸው። ከመመለሳችሁ በፊት ግን እባካችሁ ኳሷን አስነኳቸው።