መላምት እንዴት ይጻፋል? እንዶድ የሚያስተምረን

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ቢልሃርዝያ የተባለውን በትል የሚመጣ በሽታ የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎችን ሊያጠኑ ዓድዋ ወረዱ። ሴቶች እንዶድ በተባለው ተክል ፍሬ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ።

ይህ ገና ምልከታ ነው፤ መላምት አይደለም። ምልከታ የሆነውን ይነግረናል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግረንም። እንዶዱ ገድሏቸው ይሆናል፤ ከልብሱ የወጣው እድፍም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሌላ ቦታ የሞቱትን ውሃው አምጥቶ እዚያ ጥሏቸው ይሆናል። መላምት የሚወለደው ተመራማሪው ከእነዚህ አንዱን መርጦ፣ ስህተት ከሆነ ስህተትነቱ ሊታይ በሚችልበት መንገድ ሲጽፈው ነው።

«እንዶድ ጠቃሚ ተክል ነው» ብንል ማንም አይቃወመንም፤ ግን የሚፈተንበት መንገድ የለም። «እንዶድ ቀንድ አውጣን ይጎዳል» ይሻላል፤ ሆኖም ስንት እንዶድ፣ በስንት ጊዜ፣ ጉዳቱስ በምን ይለካል? እንዲህ እንጻፈው፦ «የእንዶድ ፍሬ ዱቄት በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ የተቀመጡ ቀንድ አውጣዎች፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በንጹሕ ውሃ ከተቀመጡት በበለጠ ቁጥር ይሞታሉ።» አሁን የምንለዋውጠው (እንዶዱ)፣ የምንቆጥረው (ሟቾቹ)፣ የምናነጻጽርበት (ንጹሑ ውሃ) እና የጊዜው ገደብ ተለይተዋል። በሁለቱም ዕቃ እኩል ከሞቱ መላምቱ ወደቀ ማለት ነው።

የስታቲስቲክስ ፈተና የሚነሣው ከተቃራኒው ወገን ነው፦ «በሁለቱ ውሃዎች መካከል የሟቾች ልዩነት የለም» ከሚለው። መረጃው ይህን ለመጣል ከበቃ የእኛ መላምት ድጋፍ አገኘ እንላለን። «ተረጋገጠ» ብሎ መዝጋት ግን ከአንድ ሙከራ አቅም በላይ ነው።

አክሊሉ እዚያው ወንዝ ዳር ከአጣቢዎቹ አንዷን፣ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተያዙበት ዕቃ ውስጥ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምር ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ይህ ቀላል ሙከራ «ውሃው አምጥቶ ጣላቸው» የሚለውን አማራጭ ያስወግዳል። አረፋው ልብስ የታጠበበት ከሆነ ግን የእድፉ ጥርጣሬ አይጠፋም፤ እሱን ለመለየት እንዶዱን ብቻውን ቤተ ሙከራ ውስጥ መፈተን ያስፈልጋል። ጥሩ ሙከራ የሚመዘነው በደገፈው ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ባስወገዳቸው አማራጮችም ነው።

ብዙ ጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰናከሉት ከዚህ ቀጥሎ ነው። «እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል» እና «እንዶድ ቢልሃርዝያን ይቀንሳል» ሁለት የተለያዩ መላምቶች ናቸው። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል ከታማሚው ሰው በሰገራ ወይም በሽንት ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያ ወጥቶ የሰው ቆዳ ይበሳል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ዑደቱ ይቋረጣል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን የተረፉት ተራብተው ወንዙን መልሰው ሊሞሉት ስለሚችሉ፣ ሁለተኛው መላምት የራሱን ፈተና ይሻል።

በምን ይለካ? ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ የአዋቂ ሰው ምርመራ የድሮውን ሕመም ከአዲሱ ጋር ይቀላቅላል። የሕፃናት ሕመም ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ እንዶዱ መተላለፍን ከገታ፣ ከሁሉ በላይ መቀነስ ያለበት በሕፃናት ላይ የሚታየው ሕመም ነው። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ በተካሄደው የእንዶድ ጥናት፣ በጠቅላላው ሕዝብ የታማሚዎች ድርሻ ከ63 ወደ 33 በመቶ ሲወርድ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። «ሕመሙ ይቀንሳል» ከሚለው ይልቅ «በሕፃናት ላይ ይበልጥ ይቀንሳል» የሚለው መላምት ጠንካራ የሆነው፣ በቀላሉ ሊወድቅ ይችል ስለነበር ነው።

ስለዚህ መላምታችሁን መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጻፉ፤ ከሥሩም የትኛው ውጤት እንደሚጥለው አስፍሩ። ውጤቱ ሌላ ሆኖ ከመጣ አዲስ መላምት መጻፍ ይቻላል። አዲሱ መላምት ግን በወለደው መረጃ ራሱ ሊፈተን ስለማይችል፣ ሌላ ሙከራ ያስፈልገዋል።