መዝገቡ በማን እጅ ነው?

የጂማ ቡና ለረጅም ዘመን በዓለም ገበያ የሚታወቀው በዝቅተኛ ደረጃው ነበር። ነጋዴዎች «ጂማ አምስት» ሲሉ ብስሉና ጥሬው የተቀላቀለ፣ መሬት ላይ የደረቀ፣ ሲቀመስም አፈር አፈር የሚል ቡና ማለታቸው ነበር። ገበሬው ፍሬውን ሸምጥጦ ያሰጣል፣ ሲደርቅ ጀንፈሉን በጆንያ ሞልቶ ለሰብሳቢ ይሸጣል፣ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው ለላኪ ያስተላልፋል፤ መጨረሻ ላይ ስንት እንደተሸጠ ግን ተመልሶ ለገበሬው የሚነግረው የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአጋሮ ዙሪያ 113 ቡና አምራቾች ዱሮሚና የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱና የእሸት ቡና ማጠቢያ ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአህጉሩ ቡናዎች በተወዳደሩበት መድረክ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ቀማሾች የዱሮሚናን ቡና ከአፍሪካ አንደኛ አሉት። ዛፉ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ዝናቡም ያው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ?

የተለመደው መልስ «ማሽን ገባ፣ ባለሙያ መጣ» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከጌትስ ፋውንዴሽን ባገኘው ገንዘብ በጂማ ዞን ለሚገኙ ማኅበራት ሥልጠናና ምክር ሰጥቷል፤ ዱሮሚናን ብቻ ሳይሆን ናኖ ጫላን፣ ዩክሮን፣ ሁንዳ ኦሊንና ሌሎችንም በተለያየ መንገድ አግዟል። ሆኖም ማሽን የሚገዛ ገንዘብ ከዚያ በፊትም ወደ ጂማ መጥቷል፣ ባለሙያም ከጂማ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ የማምነው ሌላ ነው። በጂማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ሕዝቡ በራሱ የሚጀምረው ልማት የሚጸናውም የሚፈርሰውም በአንድ ጉዳይ ነው፦ ያዋጣው ሰው ሒሳቡን ያያል ወይ? አይቶስ ይወስናል ወይ?

ይህ ነገር ከቡናው ጥራት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማየት በመኸር ወቅት አንድ ማጠቢያ ጣቢያ አመሻሹ ላይ የሚሆነውን መከተል ይበቃል። ቀይ እሸት ተለቅሞ በዚያው ቀን መድረስ አለበት፤ ካደረ ይብላላና ጣዕሙ ይበላሻል። ገበሬው በር ላይ ሲደርስ ጥሬውንና የደረቀውን ለቅሞ ያወጣል፣ የቀረው ይመዘናል፣ ኪሎው በመዝገብ ይሰፍራል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ማታውኑ ይፈለፈላል፣ በገንዳ ውስጥ ያድራል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ለቀናት በእጅ እየተገላበጠ ይደርቃል፤ የቀትር ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈናል። አንድ ኪሎ ለውጭ ገበያ የሚበቃ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። ገበሬው በዚያች ምሽት የሚቀበለው የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ ነው። ቡናው ተሸጦ፣ የባንኩ ብድር ተከፍሎ፣ ትርፉ ታውቆ ሁለተኛው ክፍያ እስኪመጣ ወራት ይቆያል። ስለዚህ እሸቱን ያስረከበው ገበሬ ለማኅበሩ አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው። ሚዛኑን ከተጠራጠረ፣ ወይም ያለፈው ዓመት ትርፍ የት እንደገባ ካላወቀ፣ መንገድ ዳር ጥሬ ገንዘብ ይዞ ለሚጠብቀው ነጋዴ ይሸጣል፤ ወይም ጥሬውን ከብስሉ ጋር ሸምጥጦ ያመጣል። ቀማሾቹ ያደነቁት ጣዕም የጀመረው እንግዲህ ከሚዛኑና ከመዝገቡ ነው።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚባለው ነገር ከላይ የወረደ ትእዛዝ ነበር፤ መሬቱም በሬውም የጋራ ይሆናል፣ ዋጋውን መንግሥት ይቆርጣል፣ ገበሬው የሚሠራበትን እንጂ የሚወስንበትን ጉዳይ አያገኝም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና መውጣት ሲፈቀድ ገበሬው ማኅበራቱን በጥቂት ወራት ውስጥ አፈረሳቸው፤ መሬቱንና ከብቱን ተከፋፍሎ ወደ ቤቱ ገባ። በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 በፈቃደኝነት፣ በአንድ ሰው አንድ ድምፅና በጠቅላላ ጉባኤ የበላይነት ላይ የቆመ አዲስ ሕግ ሲያወጣ የብዙ ገበሬ የመጀመሪያ ስሜት «ያ ነገር ተመለሰ» የሚል ቢሆን የሚያስወቅስ አይደለም። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ34 ማኅበራት ተቋቋመ፤ ከትርፉ 70 በመቶውን ለአባል ማኅበራት የመመለስ አሠራርም ያዘ። የአጋሮ አካባቢ ማኅበራት ደግሞ ቆይተው ከተማቸው ውስጥ ከታ ሙዱጋ የተባለውን ዩኒየን አቋቁመዋል፤ ቡናውን የሚሸጠው ቢሮ ከገበሬው ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው።

ሕዝቡ ሒሳብ አጠያየቅን ከማንም መማር አላስፈለገውም። በአጋሮም፣ በየቡም፣ በሊሙ ገነትም ያለ ሰው ዕድር አለው። ዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ወርኃዊ ክፍያው ይታወቃል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳኑና ድስቱ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። በዳዶ ደግሞ ጎረቤት ለጎረቤት በተራ ያርማል፣ ይለቅማል፤ የማን ተራ እንደሆነ የማይዘነጋ ሰው የለም። ባለሥልጣን ሳያስገድደው ዕድሩ እስከ ዛሬ የጸናው አባሉ ያዋጣው ገንዘብ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ጥሩ ማኅበር ይህን የለመደ ሰው ይዞ ሲነሳ ሥራው ይቀላል፤ መጥፎ ማኅበር ግን ሰዎች በዕድራቸው የማይታገሡትን አሠራር በቡናቸው ላይ እንዲታገሡ ይጠይቃል።

የሃኖቨርና የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በጂማ ዞን ከስድስት ማኅበራት 249 ቡና አምራቾችን ጠይቀው ነበር። የጠየቁት የፌርትሬድ (ፍትሐዊ ንግድ) እና የኦርጋኒክ ዓይነት የምስክር ወረቀት ለገበሬው ኑሮ ምን አመጣ ብለው ነው። መልሱ ለብዙዎች የሚያስከፋ ሆነ፦ በአማካይ ሲታይ ለውጡ ትንሽ ነው። ምርቱ ዝቅተኛ ነው፣ ተጨማሪው ዋጋ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ገበሬው ከማኅበሩ ብድርም መረጃም እንደልብ አያገኝም። ከአማካዩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በማኅበራቱ መካከል የታየው ሰፊ ልዩነት ነው። ዞኑ አንድ፣ ሰብሉ አንድ፣ ሕጉም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ማኅበር አባሉን ሲጠቅም ሌላው አልጠቀመም። የፌርትሬድ ደንብ በእያንዳንዱ ፓውንድ ቡና ላይ 20 የአሜሪካ ሳንቲም የልማት ጉርሻ ያስከፍላል፤ ቢያንስ አምስቱ ለምርታማነትና ለጥራት እንዲውል፣ ሌላው አባላቱ በጉባኤ በወሰኑት ሥራ ላይ እንዲውል ያዛል። ጉባኤው በስም ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ትምህርት ቤት ሆነ ድልድይ፣ ወይስ አበል ሆኖ ቀረ፣ አባሉ አያውቅም።

ከቡና ማሳው ወጣ ብለን ወደ ጫካው ብንገባም ነገሩ ይኸው ነው። በሸቤ ሰንቦና በጌራ ወረዳዎች ባለው የበለጠ ጌራ ደን በጃፓን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየመንደሩ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቋሙ። ነዋሪው ከመንግሥት ጋር ስምምነት ይፈርማል፤ የጫካ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማል፣ በምትኩ ወሰኑን ይጠብቃል፣ አዲስ ማሳ አይመነጥርም። የጃፓን ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል አነጻጽረው ሲያዩ ማኅበሩ በተቋቋመ ሁለት ዓመት ውስጥ በእነዚህ መንደሮች የያዘው የደን ስፋት 1.5 በመቶ ጨምሯል፤ ማኅበር የማያስተዳድረው ደን ግን 3.3 በመቶ ቀንሷል። ጫካውን ለዘመናት በአዋጅ ከልክሎ ማስጠበቅ ያልቻለ መንግሥት፣ ወሰኑን ለሚያውቀው ሰው መብት ሲሰጠው አስጠበቀ።

ሊሙ ኮሳ ሌላው ማስረጃ ነው። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዱ ነበር። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ በነጻ ይታከማል። ለመግባት ማሳመን አይከብድም፤ ከዕድር ጋር ይመሳሰላል። ፈተናው የሚመጣው በዓመቱ መዋጮውን ሲያድሱ ነው። ታማሚው መድኃኒት የለም ተብሎ ወደ ግል ፋርማሲ ከተላከ፣ የመዋጮውን ሒሳብም የሚያስረዳው ካጣ፣ ቤተሰቡ በሚቀጥለው ዓመት እጁን ይሰበስባል።

ለዚህ ሙግት የሚቀርቡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ገንዘብ ውጤት ነው፤ ሕዝቡ ብቻውን ምን ሠራ?» የሚለው ነው። የውጭ እጅ ባይኖር ዱሮሚና በዚያ ፍጥነት አይነሳም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ያው ገንዘብና ያው ሥልጠና በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ፍሬ አላፈራም። ድጋፉ ሲጀምሩ ያግዛል፤ ድርጅቱ ከሄደ በኋላ በአምስተኛው መኸር እሸቱን በቀይነቱ ለቅሞ የሚያመጣው ግን ገበሬው ነው፣ የሚያመጣውም ባለፈው ዓመት ያየውን ሒሳብ አስታውሶ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፤ እኔም ግማሹን እቀበለዋለሁ። ማኅበር የባለ መሬት ነው። ጉባኤው ላይ የሚቀመጠው በስሙ ማሳ ያለው፣ ብዙ ጊዜም አባወራው ነው። በመኸር ከሩቅ መጥቶ በቀን ሒሳብ የሚለቅመው ሠራተኛ፣ አልጋው ላይ ቀኑን ሙሉ ቆማ ፍሬ የምትለቅመው ሴት፣ መሬት ያልወረሰው ወጣት በዚያ ጉባኤ ድምፅ የላቸውም። ከወንዙ ግርጌ የሚኖረውም እንዲሁ። የጂማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳሳዩት ማጠቢያዎች በመኸር ወራት የሚለቁት ገለባና ቆሻሻ ውኃ የአካባቢውን ወንዞች ያጠቁራል፣ በውስጡ ያለውን ሕይወትም ያጠፋል። ጥቂት ውኃ የሚጠቀም መፈልፈያና ቆሻሻውን የሚያጣራ የቬቲቨር ሣር መፍትሔ እንደሚሆኑ ይታወቃል፤ ነገር ግን ወጪውን የሚከፍለው አባል፣ ውኃውን የሚጠጣው ሌላ ሰው ከሆነ ጉባኤው ለምን ያጸድቀዋል? ይህ ተቃውሞ ሙግቴን አያፈርሰውም፣ ያሰፋዋል። ባልና ሚስት ሁለቱም በአባልነት መመዝገብ፣ የለቃሚው የቀን ክፍያ በጉባኤ በግልጽ መቆረጥ፣ ከማጠቢያው በታች ያለው ቀበሌ ስለ ውኃው አስተያየት የሚሰጥበት መቀመጫ ማግኘት አለባቸው። መዝገቡን ማየት የሚገባው ባለ ደረሰኙ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው «መንገድ፣ ውኃና መብራት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ግብር የከፈለ ሰው ለምን ዳግመኛ ያዋጣል?» የሚል ነው። እውነት አለው። ሰው ወዶ ያዋጣው ይመስል ከማዳበሪያ ዋጋው ወይም ከደመወዙ የሚቆረጥ መዋጮ ልማትን ያስጠላል፣ በስሙም የሕዝብ ተነሳሽነት ሊባል አይገባውም። ማኅበር ሊተካው የማይችለው ሥራም አለ። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ዛፉን ሲያራቁት የትኛውም ዕድር መፍትሔ አልነበረውም፤ በጂማ ያለው የመንግሥት የመልኮ የምርምር ማዕከል ግን በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለይቶ አወጣ። ዛሬም ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ከዚያ ጊዜ የተገኙትን ነው። ስለዚህ መንግሥት የራሱን ሥራ ይሥራ። በሌላ በኩል ሕዝብ በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ ኮሚቴ ሲያዋጣ ምን እንደሚሆን በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች መንገድ ለመሥራት ባቋቋሙት ድርጅት አይተናል፤ መንግሥትንም ከኋላቸው ጎትተው አምጥተውታል። የተደራጀ ሕዝብ ግብሩ የት እንደዋለም ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው አይገባም፤ እያንዳንዱ ማሳ የሚገኝበት ነጥብ በካርታ ተመዝግቦ መቅረብ ይኖርበታል። ሕጉ የሚተገበርበት ጊዜ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፣ መምጣቱ ግን አልቀረም። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የጂማ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከዚህ በታች ነው። በየመንደሩ እየዞረ ይህን ነጥብ የሚመዘግበው ማን ነው? ላኪው ከመዘገበውና በላኪው ኮምፒውተር ብቻ ከተቀመጠ ገበሬው ቡናውን ለሌላ መሸጥ በፈለገ ጊዜ የማሳውን ማስረጃ ከዚያው ነጋዴ ይለምናል። ማኅበሩ ከመዘገበው፣ ቅጂውም ለአባሉ ከተሰጠው፣ ገዢ መምረጥ ይችላል። ዩኒየኖቹ ይህን ሥራ በራሳቸው ባለሙያ ሊይዙት፣ ዝርዝሩንም እንደ ትርፉ ሒሳብ ሁሉ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊያስነብቡት ይገባል።