በበቅሎ ጀርባ የተጓዘ መዲና

በዘመናችን ቤታቸውን በመኪና ላይ አሠርተው፣ አልጋና ምድጃቸውን ይዘው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጓዙ የባሕር ማዶ ሰዎች አሉ፤ የሆቴል ኪራይ ስለማይከፍሉም በየደረሱበት ከተማ በጥቂት ወጪ ይሰነብታሉ። ይህን ብልሃት እንደ አዲስ ግኝት የሚያደንቅ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ግን፣ የገዛ ነገሥታቱ ቤታቸውን ብቻ ሳይሆን ግምጃ ቤታቸውን፣ የፍርድ ሸንጎአቸውን፣ ገበያቸውንና ታቦታቸውን ጭምር በበቅሎና በሰው ትከሻ ጭነው ለብዙ መቶ ዓመታት ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሲዘዋወሩ መኖራቸውን የዘነጋ ነው፤ የዚያም ተጓዥ መዲና የመጨረሻ ማረፊያ ዛሬ አዲስ አበባ የተዘረጋችበት የእንጦጦ ጋራ ግርጌ ሆነ።

የንጉሡ ሰፈር የራሱ ሥርዓተ ጉዞ ነበረው። በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባውና በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ሰፈሩ በተነሣ ጊዜ ካህናት ታቦታቱን በትከሻቸው ይሸከማሉ፤ ከፊታቸውም ደወል የሚያሰማ አገልጋይ ስለሚቀድም፣ ድምፁን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ፈቀቅ ይላል፣ በበቅሎ የተቀመጠውም ወርዶ ያሳልፋቸዋል፤ ይህን ያነበበ ሰው እስራኤል ደብተራ ኦሪትን ይዘው በበረሃ የተጓዙበትን ዘመን ማስታወሱ አይቀርም። ባረፉ ጊዜ ደግሞ የንጉሡ ድንኳን ከመካከል፣ ከፍ ካለው ስፍራ ይተከላል፤ መኳንንቱም ወታደሩም፣ ነጋዴውም አንጥረኛውም፣ ጋጋሪዋም ጠጅ ጣይዋም በየትኛው ወገንና ምን ያህል ርቀው እንደሚሰፍሩ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ ሰፈሩ በማያውቁት አገር ቢተከልም እንኳ ወዳጁን የሚሻ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ከደጁ ይደርሳል። ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራአዝማች በግራ ሲሰፍሩ፣ የመንግሥቱ ማዕረግ ሁሉ በሜዳው ላይ ተነጥፎ ይታይ ነበር።

ለተጓዡ ርካሽ የሆነው ይህ ጉዞ ለባላገሩ ርካሽ አልነበረም። የንጉሥ እንግዳ ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ ማሩና በጉ ከየመንደሩ እየወጣለት አንዳች ሳይከፍል አገር ያቋርጣል፤ ከፋዩ ገበሬው ነው። በዚያም ላይ ማገዶ አለ። በሺህ የሚቆጠር ምድጃ በአንድ ስፍራ ሲነድ የአካባቢው ደን ይመናመናል፣ እንጨት ለቃሚው በየቀኑ ይርቃል፣ በመጨረሻም ሰፈሩ ያረፈበትን ጫካ ምድረ በዳ አድርጎ ወደ ሌላው ይነሣል። ስለ መዲናዎች መዘዋወር ሲነገር ጦርነትና ግብር መሰብሰብ ይቀድማሉ፤ እኔ ግን እንጨቱን አላሳንሰውም።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ወደ እንጦጦ የወጡት፣ ጋራው የቀደሙ አባቶቻቸው መናገሻ ነበረ የሚለውን ትውፊት ስለተቀበሉና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ቦታ ለምሽግ ስለሚመች ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ግን ሰፈሩ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ የጋራው ብርድና ነፋስ፣ የማገዶውም እጥረት ያስመረራቸው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለውታልና። አዲሲቱም ከተማ በጥቂት ዓመታት እንጨቷን ስለጨረሰች ዐፄው በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም ወደሚባለው ስፍራ ሊሄዱ አስበው በዚያ ሕንፃ አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቢቆረጥ ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል፣ ፈጥኖም ለማገዶና ለቤት ይደርሳል። ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ አያበቅልም እየተባለ ዛሬ ይወቀሳል፤ ወቀሳው እውነትነት ቢኖረውም ባለውለታነቱን አይሽረውም።

ይህን ታሪክ በእግሩ ሊያነብ የሚወድ ሰው ኪሱን ማራቆት አያሻውም። ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያም በሌላ ታክሲ ወደ እንጦጦ ማርያም ቢወጣ፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራውን የምኒልክን ቤተ መንግሥት ያገኛል፤ የቤቱ ትሕትና፣ ባለቤቱ ገና ከድንኳን ኑሮ ያልራቀ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራል። ቁልቁል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲወርድ፣ ከአድዋ ድል በኋላ ለአውሮፓ መልእክተኞች በከተማው ዳር የተሰጣቸውን ሰፋፊ ግቢ ያያል፤ ፈረንሳዩ፣ እንግሊዙ፣ ሩሲያውና ጣሊያኑ ዛሬም በዚያው ወገን በየአጥራቸው ውስጥ በዛፍ ተከልለው ይኖራሉ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞችም ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ቦታቸውን ያልለቀቁ ናቸው።

ጉልበት የተረፈው ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው ተራራ ወጥቶ ዋሻ ሚካኤልን ይሳለም። ነገሥታቱ ሲዞሩ ይህ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ የተጎዳው በጣሪያው ነው፣ ላዩ ተከፍቶ ሰማይ ይታይበታል። በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር በበጋ መሄድ ይሻላል፤ መንገዱም አቀበት ነውና ጠዋት በማለዳ፣ ቢቻል ከአካባቢው ሰው ጋር፣ ጠንካራ ጫማ አድርጎ መነሣት ነው።