እውነት ወይስ ተረት? ጧሪ ያለው ሁሉ ጠያቂ አለው?

ክረምት ሲገባ በሰሜን ሸዋም እንደሌላው የአገራችን ክፍል የበጎ ፈቃድ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ያዘመመው ምሰሶ ይቃናል፤ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል፤ የሚያፈሰው ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ይለወጣል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ዝናብ ሲወርድባቸው ላደሩ እናት ደረቅ መደብ ማለት ምን እንደሆነ እሳቸው ያውቁታል። ወጣቶቹ አካፋቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላስ? እኚህ እናት እስከሚቀጥለው ክረምት ከማን ጋር ያወራሉ? ስለዚህ ጉዳይ ስናነሣ በሰሜን ሸዋዋ ዓለም ከተማም ሆነ በአዲስ አበባ የምንሰማቸው መልሶች ተመሳሳይ ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ ልክ አይደሉም።

«ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው»

ዓለም ከተማ ለፈረንጅ እንግዳ አይደለችም። በከተማዋ ያለውን እናት ሆስፒታልን ያሠራው የካርልሃይንዝ ቦም «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ነው፤ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋርም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የእህትማማችነት ግንኙነት አላት። «እነሱ አገር ሽማግሌ ብቻውን ይሞታል፤ እኛ አገር ግን...» የሚለውን ንጽጽር የማያውቅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ሪፖርት የሚለው ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ በብቸኝነት ስሜት ይቸገራል። በሀብታም አገሮች ቁጥሩ 11 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ በድሃ አገሮች ወደ 24 በመቶ ይደርሳል። ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዓለም ከተማ ዙሪያ፣ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች መካከል ያለው መሬት ለተከታዩ ትውልድ አልበቃም። ልጆች ትምህርት ሲጨርሱ ወይም ሲያቋርጡ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ፤ ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ። ገበሬ ጡረታ የለውም። ጉልበቱ ሲደክም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ አራሹም የሚመጣው ለእርሻና ለመኸር ነው። ያ ሁሉ ልጅ ይሯሯጥበት የነበረ ግቢ ውስጥ አሁን አንድ አዛውንት በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚ ይጠብቃሉ።

«ልጆቻቸው ብር ይልኩላቸዋል፤ ምን ጎደላቸው?»

ብሩ እህል ይገዛል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ብሩ የሚገባው በቴሌብር ነው፤ እናት መልእክቱን ማንበብ ስለማይችሉ ለጎረቤት ልጅ ያሳዩታል። ቤሩት ያለችው ልጃቸው በኢሞ ድምፅ ቀድታ ትልካለች፤ የሚከፍትላቸው ሰው እስኪመጣ ድምፁ ስልኩ ውስጥ ቀናት ይከርማል። እዚህ ቤት የጎደለው ገንዘብ አይደለም።

ጉድለቱ ደግሞ ሆድ ማስባስ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ308 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ፣ ከሰው ጋር ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

«ዕድር፣ ሰንበቴና ማኅበር እያለ ማን ብቻውን ይቀራል?»

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ግማሹ እውነት ነውና። እነዚህ ተቋማት ባይኖሩ ችግራችን የትየለሌ በሆነ ነበር። ነገር ግን ዕድር የሚነሣው ሰው ሲሞት ነው። ድንኳኑም፣ ንፍሮውም፣ ሠልስቱም ለሟች ቤት ነው። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ደግሞ ተራ አላቸው፤ ተራው የደረሰ ይደግሳል። ጠላ መጥመቅ፣ ዳቦ መድፋት፣ እንግዳ ማስተናገድ ጉልበት ይጠይቃል። አንዲት እናት ይህን መሥራት ሲያቅታቸው «የሰው ጽዋ ጠጥቼ የራሴን ሳላወጣ» ብለው በይሉኝታ ከማኅበሩ ይቀራሉ። ያስወጣቸው የለም፤ የጠራቸውም የለም። ቀስ በቀስ ከሰንበቴ፣ ከዚያም ከቅዳሴ ይጠፋሉ። «እሳቸው እኮ ደከሙ» ይባላል።

መፍትሔው እዚያው ማኅበሩ ውስጥ አለ። የደከመችውን አባል ተራ ሌሎቹ ተጋግዘው ሊያወጡላት፣ ጽዋውንም ቤቷ ድረስ ሊያደርሱላት ይችላሉ።

«እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል?»

ከቤት መዋል ሁልጊዜ የእርጅና ጸባይ አይደለም። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በሞራ ግርዶሽ ነበር። ይህ በቀዶ ሕክምና የሚመለስ ብርሃን ነው። መንገዱ ስለማይታያቸው ቤት የዋሉ፣ ወሬው ስለማይሰማቸው ዝም ያሉ ስንት ይሆኑ? ጠያቂ የሌለው ሰው ዓይኑ መድከሙን እንኳ የሚያይለት የለም። አዘውትሮ የሚሄድ ወጣት ግን «አባባ፣ እኔን ያወቁኝ በድምፄ ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደግፎም ለምርመራ ያደርሳቸዋል።

«ይህ የመቄዶንያ ሥራ ነው፤ ባለሙያ ይጠይቃል»

በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ መጠለያና ጧሪ የሌላቸውን ከጎዳና ያነሣል። ቤትና ቀዬ ኖሯቸው ሰው ያጡትን ሁሉ ወደ ማዕከል ማስገባት አይቻልም፤ እነሱም አይፈልጉትም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ሙያ ደግሞ ብዙ አይደለም። በቴክሳስ ምግብ በየቤታቸው ከሚደርሳቸው 240 ሰዎች፣ አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው፣ ለግማሾቹ ለአራት ሳምንት ስልክ ተደወለ። ደዋዮቹ ከ17 እስከ 23 ዓመት የሆናቸው፣ አጭር ሥልጠና ብቻ የወሰዱ ወጣቶች ነበሩ፤ የተነገራቸውም የሰውየውን ጨዋታ ተከትለው እንዲያዳምጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት የተደወለላቸው ሰዎች ብቸኝነትም ጭንቀትም ቀንሶ ተገኝቷል።

«አዛውንት መቀበል እንጂ መስጠት አይችሉም»

ሐራሬ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ 14 አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ጭንቀት የያዘው ሰው መጥቶ ያጫውታቸዋል። አሠራሩ በ573 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርትም ብቸኝነት ወጣቶችን ከአዛውንት የበለጠ እንደሚያጠቃ ይናገራል። ስለዚህ እማማ ዘንድ ቡና ሊጠጣ የሚሄደው ተማሪ ውለታ የሚውለው ለእሳቸው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ መጀመር ለሚፈልግ፦ ቀበሌው ለቤት እድሳት የለያቸውን አረጋውያን ያውቃል፤ ዝርዝሩን ጠይቁ። በሠላሳ ሰው አትሂዱ፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ፎቶ አታንሡ። ቡናውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማፍላቱን ግን ለእሳቸው ተዉላቸው። ከሁሉ በላይ ቀን ቁረጡ፤ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ከሆነ እሳቸውም አይረሱትም። «እመጣለሁ» ብሎ መቅረት ጨርሶ ካለመሄድ ይከፋል፤ የማትችሉትን ቀን አትቁረጡ። የምትችሉ ግን መስከረምን ወይም ክረምትን አትጠብቁ፤ ከዚህ ወር ማርያም ጀምሩ።